ሮማና ቤተ አምሐራ፦ ወንዝ፣ ገደልና የመንግሥት አነሣሥ

በዛሬው ትምህርት ሁለት አገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። አንዷ በባሕር ማዶ፣ በኢጣልያ ምድር ያለችው ሮማ ናት። ሌላው ቤተ አምሐራ ነው። ቤተ አምሐራ ሩቅ አገር አይደለም፤ መካነ ሰላም ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው እግሩ የረገጠው መሬት ነው። ዛሬ ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ አምባሰል የምንላቸው ወረዳዎች በድሮ ዘመን በዚህ ስም ይጠራ በነበረው አገር ውስጥ ነበሩ።

ሁለቱም ሲነሡ ትንሽ ነበሩ። ሁለቱም ኋላ ላይ ከራሳቸው ብዙ እጥፍ የሚሰፋ አገር ገዙ። ታዲያ እንዴት ሆኖ? ጀግኖች ስለ ነበሩ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ጀግና ግን በየአገሩ ሞልቷል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ስለ ወንዙ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ መንገዱና ስለ እህሉ ነው። እህሉን ማን አረሰው፣ ማንስ በላው?

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከልደት በኋላ ያለውን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ። «ከክ.ል.በ.» የሚለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ ጊዜው ወደ እኛ እየቀረበ ይመጣል።

የሮማ አነሣሥ

ኢጣልያን ካርታ ላይ ብታዩዋት እንደ ቡት ጫማ ወደ ባሕር የወጣች ምድር ናት። በሦስት ወገን ባሕር ይከብባታል። በስተ ሰሜን አልፕ የሚባሉ ባለ በረዶ ተራሮች አሉ። መሐሏን ደግሞ አፔኒን የሚባል የተራራ ሰንሰለት እንደ ጀርባ አጥንት ይዞት ይወርዳል። ከዚያ ተራራ ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ ባሕር የሚገባው ወንዝ ቲበር ይባላል። ርዝመቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሮማ የተቆረቆረችው በቲበር ዳር፣ በሰባት ኮረብቶች ላይ ነው። ከባሕሩ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ቦታ ወንዙ በመሐሉ ትንሽ ደሴት ስላለው ለመሻገር ይመቻል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ እዚያው መልካ ላይ ይወርዳል። በባሕሩ ዳር የሚገኘው ጨውም በዚያው በኩል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ከሮማ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ ስሙ እስከ ዛሬ «የጨው መንገድ» ነው። አሞሌ እንደ ገንዘብ ይቆጠርበት ለነበረ አገር ሰው የጨው መንገድ የያዘ ምን እንደሚያገኝ መንገር አያስፈልግም።

ሮማውያን ከተማችን በ753 ከክ.ል.በ. ተቆረቆረች ይላሉ። መጀመሪያ ነገሥታት ገዟቸው። በ509 ከክ.ል.በ. ንጉሡን አባረው ሪፐብሊክ አቆሙ ይባላል። ሪፐብሊክ ማለት ዘውድ የሌለበት መንግሥት ነው። ሁለት ታላላቅ ሹማምንት ለአንድ ዓመት ብቻ ይመረጣሉ። ሴናት የሚባል የመኳንንት ሸንጎም ነበራቸው። ድሀው ሕዝብ ከብዙ ሙግት በኋላ ስለ እሱ የሚናገሩ ተመራጮች አገኘ። እንዲያም ሆኖ የሚያዙት ባለጠጎቹ ነበሩ።

ወታደሩ ማን ነበር? ገበሬ ነበር። መሬት ያለው ሰው መሣሪያውን በራሱ ወጪ ገዝቶ ይዘምታል፤ ዘመቻው ሲያልቅ ወደ እርሻው ይመለሳል። ሮማ ካሸነፈቻቸው ጎረቤቶች ብዙዎቹን አጋር አደረገቻቸው። ከእነሱ የምትፈልገው በጦርነት ጊዜ ወታደር እንዲያዋጡ ነው። ስለዚህ ባሸነፈች ቁጥር ሠራዊቷ ይበዛል። ይህ ዘዴ ያዋጣት ሐኒባል በመጣባት ጊዜ ነው። ሐኒባል ዛሬ ቱኒዝያ በሚባለው አገር የነበረችው የካርታጎ የጦር መሪ ነበር። በ218 ከክ.ል.በ. ዝሆኖች ይዞ አልፕን ተሻገረ። በ216 በካኔ ሜዳ የሮማን ጦር ፈጀው። ሌላ አገር ቢሆን ያኔ ያበቃለት ነበር። ሮማ ግን ሌላ ጦር አወጣች፤ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ በ146 ከክ.ል.በ. ካርታጎን አቃጠለቻት።

ገበሬው ምን አገኘ? ጦርነቱ ባሕር ማዶ ሲሆን ለአጨዳ መመለስ ቀረ። ዓመታት ያልፋሉ። ማሳው ጦም ያድራል፤ ቤተሰቡ ይበደራል፤ መሬቱ ለባለጠጋ ይሄዳል። ባለጠጋው ደግሞ በጦርነት የተማረኩትን ሰዎች በባርነት ገዝቶ ያሳርስበታል። ይህ በሁሉም ቦታ እኩል አልሆነም፤ ግን በብዙ ቦታ ሆነ። በ133 ከክ.ል.በ. ቲቤርዮስ ግራኩስ የተባለ የሕዝብ ተመራጭ ሕግ አወጣ። ከመንግሥት መሬት አንድ ሰው ከ125 ሄክታር ገደማ በላይ አይያዝ፣ ትርፉ ለመሬት አልባ ይታደል አለ። በድሮው መለኪያ ሦስት ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ብዙ ነው አይደል? ለባለጠጎቹ ግን ያም አነሳቸው። የሴናቱ ሰዎችና ተከታዮቻቸው በዱላ ደብድበው ገደሉት። ሬሳውንም ቲበር ወንዝ ጣሉት።

ከዚያ ወዲህ መሬት የሌለው ሰው በደመወዝ ወታደር እየሆነ ከአገሩ ይልቅ ለጦር አለቃው ታማኝ ሆነ። የጦር አለቆቹ እርስ በርስ ተዋጉ። በ27 ከክ.ል.በ. አውግስጦስ ብቻውን ገዥ ሆኖ ወጣ። ሪፐብሊኩ በስም እንጂ በሥራ ቀረ።

የቤተ አምሐራ አነሣሥ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ዙፋኑ በላስታ፣ በዛጕዌ ነገሥታት እጅ ነበር። ቤተ አምሐራ ከላስታ በስተ ደቡብ ያለ አንድ አገር ነው። ድንበሩን እጃችሁን እየዘረጋችሁ ተከተሉ። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ አባይ፣ በደቡብ ወንጪት፣ በምሥራቅ ደጋው ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት ገደል። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ጦር አይሻገራቸውም። በበጋም ቢሆን ከቦረና ደጋ ወደ አባይ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ በጎጃም በኩል እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ቆላው ወባ አለበት። ይህን እናንተ ከመጽሐፍ ሳይሆን በጉልበታችሁ ታውቁታላችሁ።

ምሽግ ብቻውን ግን አገር አያሳድግም። ቢያሳድግማ ስንቱ አምባ መንግሥት በሆነ ነበር! የቤተ አምሐራ ልዩነቱ በምሥራቁ ጫፍ መንገድ ማለፉ ነው። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በይፋት በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ደጋውን ይዞ ወደ ሰሜን ያልፋል። በዚያው በኩል ሐይቅ አለ። በሐይቁ ውስጥ ባለችው፣ ያኔ ደሴት በነበረችው ቦታ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ነበር። በ1248 ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ከእሳቸው ፊደልና መጽሐፍ የተማሩ መነኮሳት በየአገሩ ተሰማሩ። እንግዲህ ደጋው፣ የንግዱ መንገድና ጽሕፈት የሚያውቁ ሰዎች አንድ አካባቢ ተገናኙ ማለት ነው።

በዚህ የተጠቀመው ይኩኖ አምላክ ነው። በ1270 የመጨረሻውን የዛጕዌ ንጉሥ አሸንፎ ነገሠ። ንጉሡ የሞተው በጋይንት ነው ይባላል። ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክለት ለግብጹ ሱልጣን ለባይባርስ ደብዳቤ ጽፏል። ዘራችን ከንጉሥ ሰሎሞን ይመዘዛል የሚለውም ነገር በዚህ ቤት ዘመን ጸና። ሮማውያንም በበኩላቸው ዘራችን የትሮያ ጀግና ከነበረው ከኤንያስ ነው ይሉ ነበር። አዲስ የመጣ ገዥ የቆየ ዘር መፈለጉ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም።

የይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ አምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 ነገሠ። ጎጃምን፣ ዳሞትንና ሐዲያን አስገበረ፤ በ1332 ከይፋት ጋር ታላቅ ጦርነት አደረገ። ነገሥታቱ የያዙትን አገር ለመጠበቅ ጨዋ የሚባሉ ጭፍሮችን እያሰፈሩ ጉልት ይሰጧቸው ነበር። ሮማም ወታደሮቿን በያዘችው አገር ላይ መሬት እየሰጠች ታሰፍር ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ንጉሥ ሲሞት ማን ይተካ የሚለው ጥያቄ ሮማን ብዙ ደም አፍስሷታል፤ በ69 ዓ.ም. ብቻ አራት ሰዎች ተራ በተራ ነግሠውባታል። የእኛዎቹ መልሱን ከመልክአ ምድሩ አገኙት። በአምባሰል ያለው ግሸን ዙሪያውን ገደል ነው። ከንጉሡ ዘር የሆኑት መሳፍንት እዚያ ላይ ወጥተው በዘበኛ ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ ሲሞት የሚነግሠው ሰው ከዚያ ይወርዳል። ለመንግሥቱ ሰላም ሰጥቶ ይሆናል፤ ዕድሜ ልኩን አምባ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ግን እስር ቤት ነው።

እህሉስ?

ሁለቱ አገሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቲበር ዕቃ ይሸከማል። ሮማ በ30 ከክ.ል.በ. ግብጽን ከያዘች በኋላ የአባይ ውሃ ያበቀለውን ስንዴ በመርከብ ታስመጣ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከ ከተማው ድረስ ጀልባውን በሬዎች በወንዙ ዳር እየሄዱ በገመድ ይጎትቱታል። በአውግስጦስ ዘመን 200,000 ያህል ሰዎች በነጻ እህል ይሰፈርላቸው ነበር። ስለዚህ ሮማ አንድ ቦታ ተቀምጣ ልትበላ ቻለች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ያው የእኛው አባይ ነው ሮማን ያበላ?» ቢል አልተሳሳተም። አፈሩም ከዚሁ ደጋ የታጠበ አለበት። እዚህ ግን አባይም በሽሎም አገር ይቆርጣሉ እንጂ ዕቃ አይሸከሙም። ጀልባ የለም፤ ጋሪ ገደል አይወጣም። ያለው የአህያ፣ የበቅሎና የሰው ጀርባ ነው።

እስቲ እናስላ። በንጉሡ ሰፈር 10,000 ሰው አለ እንበል። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ቢበላ፣ በቀን 100 ኩንታል ያስፈልጋል። አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን በየቀኑ 200 አህያ መግባት አለበት። ንጉሡ አራቱን የክረምት ወራት፣ ማለት 120 ቀን፣ አንድ ቦታ ቢከርም 12,000 ኩንታል ይሆናል። አንድ ገበሬ ከቤተሰቡ ቀለብ ተርፎት ሁለት ኩንታል መስጠት ቢችል 6,000 ገበሬ ያስፈልጋል። የፈረሱንና የበቅሎውን ገብስ፣ ማገዶውንና ሥጋውን ገና አልቆጠርንም።

ስለዚህ እህሉ ወደ ንጉሡ መሄድ ስላልቻለ ንጉሡ ወደ እህሉ ሄደ። የቤተ አምሐራ ነገሥታት ከተማ ድንኳን ነበር። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሰፈር አይቶ ጽፏል። በሺህ የሚቆጠር ድንኳን ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል የንጉሡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የገበያውና የወጥ ቤቱ ቦታ እንደ ቀድሞው ነው፤ ማንም ሰፈሩን አይስትም። ሰፈሩ እህሉንና እንጨቱን ሲጨርስ ይነሣል። የተነሣበት አገር ገበሬ እፎይ ይላል፤ የሚያርፍበት አገር ገበሬ ደግሞ ተራው ይደርሰዋል።

የሮማ ገበሬ መሬቱን አጣ። የቤተ አምሐራ ገበሬ ርስቱ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ቀረ፤ ጉልተኛው ግን ከምርቱ ይወስዳል፣ በጉልበቱ ያሠራዋል፣ ወታደሩም በየቤቱ ተመርቶ ይቀለባል። ጉልት በሕግ የተሻረው በ1966 ነው። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ የቀረውን አስቀረ። ከይኩኖ አምላክ መንገሥ እስከዚያ ድረስ ስንት ዓመት እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይቀንስ።

ስሙ ምን ይነግረናል?

ገደሉ ለዘለዓለም አልጠበቀም። በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ቤተ አምሐራ ገባ። በወርቅ የተጌጠችው መካነ ሥላሴና ዐፄ በዕደ ማርያም ያሠራት አትሮንሰ ማርያም ተቃጠሉ። ግሸንም በኋላ ተያዘች። ነገሥታቱ ወደ ምዕራብ እየራቁ ሄዱ፤ በ1636 ገደማ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆረ። ደጋው ላይ ደግሞ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ኦሮሞዎች ገብተው ሰፈሩ፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋርም ተጋቡ፣ ተዋለዱ።

ይህን ታሪክ ዛሬ ከወረዳዎቻችን ስም ማንበብ ይቻላል። ቦረናም ወሎም የኦሮሞ ነገድና ጎሣ ስሞች ናቸው። በወረ ኢሉና በወረ ሂማኖ ያለው «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ ወይም ወገን ማለት ነው። በለገ ሂዳ ያለው «ለገ» ወንዝ ማለት ነው። አምሐራ ሳይንት ደግሞ የድሮውን አገር ስም እንደ ያዘች ቀርታለች። መካነ ሰላም የግዕዝ ቃል ነው፤ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። የግዕዝ ስም ያላት ከተማ የኦሮሞ ስም ባለው ወረዳ ውስጥ ናት፤ ነዋሪውም ሁለቱንም ያለ ችግር ይጠራል።

ለንባብ ክፍሉ የቀረቡ ጥያቄዎች

ከቀበሌያችሁ እስከ መካነ ሰላም ገበያ አህያ ስንት ሰዓት ትሄዳለች? በመንገዱ ላይ ስንት ወንዝ አለ? ከወንዞቹስ ክረምት የማያሻግረው የትኛው ነው?

በንጉሡ ሰፈር የነበረው ሰው 20,000 ቢሆን ለአንድ ክረምት ስንት ኩንታል ያስፈልገው ነበር?

በአካባቢያችሁ ያሉትን የወንዝ፣ የተራራና የመንደር ስሞች ጻፉ። ከግዕዝ፣ ከአማርኛና ከኦሮምኛ የመጡትን ለዩ። ካልታወቃችሁ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ እነሱም ካላወቁት ስሙን እንዳለ ጽፋችሁ አቆዩት።