ጦጣ ስትጮህ ምን ትላለች?

ብዙውን ጊዜ እንስሳት ሲጮኹ ስንሰማ «ፈርተው ነው» ብለን እናልፋለን። ለመሆኑ ጩኸታቸው ፍርሃትን ብቻ ነውን የሚገልጸው? ወይስ ጓደኞቻቸው ለይተው የሚረዱት መልእክት አለው? በዚህች አጭር ጽሑፍ በአገራችን ለምናያት ጦጣ የቅርብ ዘመድ በሆኑት በኬንያ ጦጣዎች ላይ የተደረገውን ጥናት እንመለከታለን።

1ኛ) ሦስት ጠላት፣ ሦስት ጩኸት

የጦጣ ዋና ዋና ጠላቶች ነብር፣ ንስርና እባብ ናቸው። ቶማስ ስትሩሴከር የተባሉ ተመራማሪ በኬንያ በአምቦሴሊ የሚኖሩትን ጦጣዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጦጣዎቹ ለየጠላቱ የተለያየ ጩኸት እንዳላቸው ገለጹ። የነብር ጩኸት ሲሰማ መሬት ላይ ያሉት ሮጠው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። የንስር ጩኸት ሲሰማ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ፤ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። የእባብ ጩኸት ሲሰማ ደግሞ በኋላ እግራቸው ቆመው ሣሩን ይቃኛሉ።

ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ነብር የሚያደፍጠው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ንስር ደግሞ ከዛፍ ላይ መንጠቅ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ጩኸት ከሌላው ያልለየች ጦጣ ከሞት ስትሸሽ ወደ ሞት ትሮጣለች ማለት ነው።

2ኛ) ነገሩ እንዴት ተረጋገጠ?

«ምናልባት ጦጣዎቹ የሸሹት ጠላቱን በዓይናቸው አይተው ይሆናል» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይህን ለማጣራት ሮበርት ሴይፋርት፣ ዶርቲ ቼኒና ፒተር ማርለር ጩኸቶቹን በድምፅ መቅጃ ቀድተው፣ ነብርም ንስርም እባብም በሌለበት ሰዓት ከተደበቀ ድምፅ ማጉያ አሰሙ። ጦጣዎቹም እንደየጩኸቱ ዓይነት ዛፍ ወጡ፣ ሰማይ አዩ፣ ሣሩን ቃኙ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። እንግዲህ መልእክቱ ያለው በድምፁ ውስጥ ነው።

3ኛ) ግልገሎቹ እንዴት ይማራሉ?

ግልገል ጦጣ ጉዳት የማያደርስ ወፍ፣ አልፎ አልፎም ከዛፍ የሚረግፍ ቅጠል አይታ የንስር ጩኸት ታሰማለች። ትልልቆቹ ግን ይህን ሰምተው ወዲያው አይጮኹም፤ በመጀመሪያ ቀና ብለው ያያሉ። በእርግጥ ንስር ከሆነ እነርሱም ይጮኻሉ፤ ካልሆነ ዝም ይላሉ። ግልገሎቹም ስድስትና ሰባት ወር ሲሞላቸው ጩኸት ሲሰሙ አብዛኞቹ እንደ ትልልቆቹ ያደርጋሉ።

4ኛ) የማይታመን ድምፅ

ቼኒና ሴይፋርት እ.ኤ.አ. በ1988 ሌላ ጥናት አወጡ። ጦጣዎች ሌላ መንጋ ሲመጣ የሚያሰሙት ድምፅ አላቸው። ተመራማሪዎቹ የአንዲትን ጦጣ ድምፅ፣ ሌላ መንጋ ሳይመጣ፣ ደጋግመው አሰሙ። ጓደኞቿ መጀመሪያ አዳመጡ፤ በኋላ ግን ቸል አሏት። ሌላ መንጋ ሲመጣ የሚሰማውን ሁለተኛ ዓይነት ድምፅ በእርሷው ድምፅ ቢያሰሙም ትኩረት አላገኘም። የሌላ ጦጣ ድምፅ ሲሰማ ግን እንደ ቀድሞው አዳመጡ። ስለዚህ ጦጣዎች «ምን ተባለ?» ብቻ ሳይሆን «ማን አለው?» ብለውም ይመዝናሉ። አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ለተናጋሪ ነው፤ ዛሬ በከንቱ የጮኸ ነገ እውነተኛ አደጋ ሲያይ የሚሰማው አያገኝም። ሁለተኛው ለሰሚ ነው። እኛ ወጣቶች አስደንጋጭ ወሬ በሰማን ቁጥር ሳናጣራ ለሌላው የምናቀብል ከሆነ፣ ቅጠል ሲረግፍ ከምትጮኸው ግልገል በምን እንሻላለን? ትልልቆቹ ጦጣዎች አስቀድመው ቀና ብለው ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ይጮኻሉ። እኛም በመጀመሪያ እንይ፤ ቀጥሎ እንናገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) የንስር ጩኸት የሰማች ጦጣ ዛፍ ላይ ብትወጣ ምን ይደርስባታል?
ለ) በሠፈራችን ቃሉ የሚታመን ሰው መታመንን ያገኘው በምን ይመስላችኋል?