የነነዌ ንስሐና የእኛ ሐሙስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ጾመ ነነዌን እንጾማለን። ሰኞ ተጀምሮ ረቡዕ ይፈጸማል። ለመሆኑ ሐሙስ ሲነጋ ከእኛ ዘንድ ምን ተለውጦ ይገኛል? የዛሬው ትምህርታችን ይህን የሚመለከት ነው።

1. ጥሪው ለማን ነበር?

ነነዌ በጤግሮስ ወንዝ ዳር፥ ዛሬ በኢራቅ ከሞሱል ከተማ ፊት ለፊት የነበረች የአሦር ታላቅ ከተማ ናት። እግዚአብሔር ነቢዩ ዮናስን ወደ እርስዋ ቢልከው እርሱ ከኢዮጴ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ተርሴስ ኮበለለ (ዮና. 1፥3)። እንግዲህ ከነነዌ ሰዎች አስቀድሞ መመለስ ያስፈለገው ነቢዩ ራሱ ነው። እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ሆንን ጥሪው ሌላውን እንጂ እኛን የማይመለከት አይምሰለን።

2. እግዚአብሔር ያየው ምንድን ነው?

የነነዌ ሰዎች ጾሙ፥ ማቅም ለበሱ። ንጉሡም ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን ዐዋጁ በዚህ አላበቃም፤ እያንዳንዱ ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ያዝዝ ነበር (ዮና. 3፥8)። ዐሥረኛውን ቁጥር ልብ ብለን እናንብብ። እግዚአብሔር ተመለከተ የተባለው ማቁን ሳይሆን ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19፥8)።

3. በእኛ መንደርስ?

እኔ ያደግሁት ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ነው። አገራችን ሜዳማ፥ ድርቆሽና ወተት ለአዲስ አበባ የምታቀርብ ናት። በልጅነቴ ወተት ለደንበኞች የማደርሰው እኔ ነበርሁ። በአንድ ዓመት የነነዌን ጾም ጾሜ፥ ሰግጄ፥ ሐሙስ ጠዋት እንደ ለመድሁት ከወተቱ ላይ ውሃ ጨመርሁ። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ «ልጄ፥ ሦስት ቀን ወተት አልጠጣህም፤ በአራተኛው ቀን ለሰው ውሃ አጠጣህ» አሉኝ። ከስግደቱም ጋር ያጎደልሁትን እንድመልስ አዘዙኝ።

ስግደቱ በሳምንት አለቀ። የሰው በር አንኳኩቶ «አታልዬዎታለሁ» ማለት ግን ስለ ከበደኝ ብዙ ቀን ዘገየሁ። በመጨረሻ ስሄድ አንዲት እናት ወተቱን ይገዙ የነበረው ለታመመ ሕፃናቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። የኃጢአቴን ክብደት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቡራዩ ያለው ወንድማችን የጎረቤቱን ወሰን ገፍቶ አጥሮ ይሆናል። ሰበታ በፋብሪካ የምትሠራው እኅታችን ላልሠራችበት ሰዓት ፈርማ ይሆናል። አጥሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ፥ ፊርማውም ሳይታረም እንባ ብቻ ቢፈስ ንስሐው ገና መንገድ ላይ ነው።

4. ንስሐ አይወረስም

ዮናስ የነበረው በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን ነው (2ኛ ነገ. 14፥25)። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነነዌ ወደ ደም ማፍሰስዋ በመመለስዋ ነቢዩ ናሆም ጥፋትዋን ተናገረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን አፈረስዋት። የአባቶች ንስሐ ልጆችን አላዳነም። የእኛም ያምናው ንስሐ በየዕለቱ በመታዘዝ ካልተጠበቀ ለዘንድሮ አይሆነንም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
ሀ. ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት የኮበለለው ለምንድን ነው? (ዮና. 4፥2)
ለ. በእጃችን ያለ፥ ለባለቤቱ ያልመለስነው ምን አለ?
ሐ. የምንመልስለት ሰው በሕይወት ባይኖር ምን እናድርግ? የንስሐ አባታችንን እንጠይቅ።

የነነዌን ሰዎች መመለስ የተመለከተ አምላክ የእኛንም ሐሙስ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።