የአኳሪየምሽ መብራት በሰዓቱ ይሁን

ልጄ፣ ተክል ያለበት አኳሪየም መጀመርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ስለ ዓሣዎቹ የሚመክርሽ አታጪም። እኔ ስለ መብራቱ ሰዓት ልንገርሽ።

1. በቀን ለ6 ሰዓት በማብራት ጀምሪ። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ግን ይህን አይተሽ አምፖሉን 12 ሰዓት እንዳታበሪው። አዲስ የተተከለ ተክል ሥር እስኪይዝ ድረስ ብርሃኑን በቅጡ አይጠቀምበትም፤ የተረፈውን አልጌ ይሻማዋል። አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመርሽ ሂጂ፤ 8 ሰዓት ስትደርሺ ይበቃል።

2. ታይመር ግዢ። እኔ ለወራት በእጄ ሳበራና ሳጠፋ ነበር። እንግዳ የመጣ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል፤ ክፍለ ሀገር የወጣሁ ቀን ደግሞ ጨርሶ አይበራም። ውሎ አድሮ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። መስታወቱስ ይጠረጋል፤ ያሳዘነኝ አኑቢያሱ ነው። ቅጠሉ ላይ የወጣውን ጠጣር አረንጓዴ ነጠብጣብ በጥፍሬ ስፍቀው ቅጠሉ ተቀደደ እንጂ ነጠብጣቡ አልለቀቀም። አኑቢያስ አዝጋሚ ተክል ነው፤ አንድ ቅጠል እስኪተካ ድረስ ትዕግሥት ይጨርሳል።

3. ርካሹ ታይመር ዙሪያውን ጥቃቅን ጥርስ ያለው ክብ ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 14 ነው። ከ14 እስከ 20 ያሉትን 24 ጥርሶች ወደ ታች ተጫኚ፤ መብራቱ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይበራል። ከሥራ ስትመለሺም ዓሣዎችሽን በብርሃን ታገኛቸዋለሽ። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ክቡም ይቆማል። ለ3 ሰዓት ከጠፋ በማግስቱ የሚበራው በ11፣ የሚጠፋው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በመጣ ቁጥር ክቡን አዙረሽ ከሰዓትሽ ጋር አስተካክዪው። አቅምሽ ከፈቀደ በውስጡ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ውሰጂ፤ እሱ ሰዓቱን አይስትም።

4. አኳሪየሙን ከመስኮት አርቂው። በመስኮት የሚገባን ፀሐይ ታይመር አያጠፋውም።

5. ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም። ድንገት ሲበራበት ይደነብራል፤ ከመስታወቱ ጋር የሚጋጭም አለ። ታይመሩ የሚያበራው ክፍሉ ገና ብርሃን ሳለ ይሁን። ሲመሽም የሳሎኑ መብራት ከአኳሪየሙ በኋላ ይጥፋ።

6. ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጨምሪ ከሆነ አምፖሉ ከመብራቱ አንድ ሰዓት በፊት ክፈቺው፤ መብራቱ ሳይጠፋ ዝጊው። ተክል በጨለማ እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይወስዳል። ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን ከለቀቅሽው ጠዋት ዓሣዎቹ ውኃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ።

7. አልጌ ሲበዛ ሁሉንም ነገር ባንዴ አትለውጪ። ከመብራቱ አንድ ሰዓት ቀንሺና ሁለት ሳምንት ጠብቂ። አለዚያ የቱ እንደጠቀመሽ አታውቂም።

8. ሊምኖፊላ ካገኘሽ ትከዪ። ወደ ምሽት ሲል፣ መብራቱ ገና እየበራ ሳለ፣ ላባ የመሰሉ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ይሰበስባል። ታይመሩ ከማጥፋቱ በፊት ወንበር ስበሽ ተመልከቺው።