ስልኩ ይጮኻል፣ እማማ ግን አይሰሙም



ቤት ለቤት ስዞር ከልጆች ቶሎ ቶሎ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «እናቴ ስልክ አታነሣም።» አንድ ቀን እኔም አንዲት እናት ቤት ሆኜ ሳሎን ያለው ስልክ ጮኸ። እሳቸው ወጥ ቤት ቡና ይቆላሉ፤ ዘወርም አላሉ። የደወለችው ልጃቸው ነበረች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ደንግጣ ሥራዋን ጥላ ልትመጣ ነበር። እማማ ማንሣት ጠልተው አይደለም፤ ድምፁ አልደረሳቸውም።

ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ከስልኩ ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ደወል ነው።

እንዴት ይሠራል? ሰው ሲደውል በስልኩ መስመር ጠንከር ያለ የኤሌክትሪክ ምልክት ይመጣል። ስልኩን የሚያስጮኸው እሱ ነው። ተጨማሪው ደወል እዚያው መስመር ላይ ይሰካል። ምልክቱ ሲደርሰው ከፍ ባለ ድምፅ ይጮኻል ወይም መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ስልኩ ሲነሣ ያቆማል።

ከመግዛታችሁ በፊት፦

1. ሞክሩ። አንድ ሰው ከደጅ ይደውል፤ እማማ ወይም አባባ በየክፍሉ እየገቡ ያዳምጡ። ደወሉ የሚያስፈልገው የማይሰማበት ክፍል ነው።

2. ድምፁን ምረጡ። በዕድሜ ጆሮ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለው ይሻላል። በጣም ለማይሰማ ሰው መብራት ያለውን ውሰዱ።

3. መስመሩን እዩ። ስልካችሁ በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ፣ ደወሉም የሚያያዘው ስልኩ በተሰካበት ራውተር በኩል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የድሮ መሰኪያ ላይሠራ ይችላል።

4. ሽቦ በራሳችሁ አትቀጥሉ። የቤት ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ ከስልክ መስመር ጋር ከተገናኘ ሰው ይጎዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ዕቃ ግዙ፤ ካልገባችሁ ቴክናይ ጥሩ።

ይህ በሽቦ የሚያያዝ ደወል ለሞባይል አይሆንም። አይፎን ላላቸው ግን «ሃግዳሮት» ከዚያ «ንጊሹት» ውስጥ ገብታችሁ፣ የድምፅና የእይታ በሚለው ክፍል ሲደወል የፍላሹ መብራት ብልጭ እንዲል ማድረግ ትችላላችሁ።

ደወሉ ጆሮን አያድንም። ስለዚህ ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠይቁ። እኛም እዚህ አገር የተወለድን ልጆች «ለምን አታነሺም?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት፣ ወጥ ቤት ቆመን ስልኩ ይሰማ እንደሆነ እናዳምጥ።