በሰው ሞት ስለ መወራረድ

ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን ያውቃል፤ የሚሞትባትን ቀን ግን የሚያውቅ የለም። እግዚአብሔር አንደኛውን ገልጦ ሁለተኛውን የሰወረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሟች መሆናችንን የገለጠልን እንዳንታበይ ነው፤ ቀኑን የሰወረብን ደግሞ ዘወትር ተዘጋጅተን እንድንኖር ነው። ጌታችን ሌባው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ስላላወቀ ባለቤት በተናገረው ምሳሌ ያስተማረን ይህንኑ ነው (ማቴ. 24፥43)።

ነገር ግን የሰው ልብ የተሰወረውን ነገር ለመግለጥ ይቸኩላል። ይልቁንም የራሱን ቀን ማሰብ ስለሚያስፈራው፣ የራሱን ትቶ የሌላውን ቀን ይመረምራል። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር «ዴድ ፑል» የሚባል፣ በእኛ ቋንቋ የሞት ውርርድ ልንለው የምንችል ጨዋታ ተስፋፍቶ ይገኛል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ተጫዋቾቹ በአዲስ ዓመታቸው መግቢያ ላይ እያንዳንዳቸው በሕይወት ያሉ የታወቁ ሰዎችን ስም ይጽፋሉ፤ ያረጁ መሳፍንትን፣ የታመሙ የሲኒማ ተዋንያንን፣ ዘፋኞችንና የመንግሥት ሰዎችን ይመርጣሉ። በዓመቱ ውስጥ ከጻፋቸው መካከል ብዙ ሰው የሞተለት አሸናፊ ይሆናል። አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው እንዲወስደው ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ ለስም ብቻ ይጫወታሉ። በብዙዎቹም ዘንድ የነጥቡ አቈጣጠር የሟቹን ዕድሜ ከ100 በመቀነስ ነው። እንግዲህ የ90 ዓመት ሽማግሌ ቢሞት 10 ነጥብ፣ የ40 ዓመት ጐልማሳ ቢሞት ግን 60 ነጥብ ይገኛል ማለት ነው። ሞቱ ያለ ጊዜው በሆነ መጠን ትርፉ ይበዛል።

ይህን ነገር ብዙዎች እንደ ቀላል ጨዋታ ይመለከቱታል። እኛ ግን በዚህ ትምህርት ከየት እንደ ተነሣ፣ የሰው ግምት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ፣ ለነፍስ ምን ጉዳት እንደሚያመጣና ክርስቲያን በዚህ ፈንታ ምን ማድረግ እንደሚገባው በየተራ እንመለከታለን። የምንጠቅሰው ዓመትና ወር ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ የነገሩ አመጣጥ

በሰው ሞት መወራረድ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ ሰዎች ማን ጳጳስ ሆኖ እንደሚመረጥ ብቻ ሳይሆን፣ የተመረጠው በመንበሩ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቈይም ገንዘብ እያስያዙ ይወራረዱ ነበር። ስንት ጊዜ ይቈያል ማለት መቼ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 14ኛ በመጋቢት ወር 1591 ዓ.ም. በዚህ ነገር የሚወራረድ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት እንዲለይ ሲል አወገዘ። ያ ዘመን ለተወራራጆች የተመቸ ነበር፤ ከነሐሴ 1590 እስከ ታኅሣሥ 1591 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ አራት የሮም ጳጳሳት በተከታታይ ሞተዋልና። ከእነርሱም አንዱ ኡርባኖስ 7ኛ ከተመረጠ 2 ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ውግዘቱን ያወጣው ጎርጎርዮስ ራሱም በዚያው በ1591 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሞተ።

በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ይህ ልማድ በለንደን በዛ። በዚያን ጊዜ በሕይወት ኢንሹራንስ ስም ማንም ሰው በማያውቀው ሰው ዕድሜ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ይችል ነበር። ንጉሥ ጊዮርጊስ 2ኛ በ1743 ዓ.ም. ወደ ዴቲንገን ጦርነት በዘመተ ጊዜ፣ በሕይወት ይመለሳል አይመለስም ተብሎ ውርርድ ተደርጎበታል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በ1760ዎቹ ዓመታት በድኾች ጀርመናውያን ላይ የሆነው ነው። ወደ አሜሪካ እንወስዳችኋለን ተብለው በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ለንደን ከደረሱ በኋላ፣ ያመጣቸው ሰው ጥሎአቸው ስለ ሄደ ያለ ምግብና ያለ መጠለያ በከተማው ዳር ወደቁ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ነጋዴዎች በሳምንቱ ውስጥ ከእነርሱ ስንቱ ይሞታሉ ብለው ተወራረዱ ተብሎ በታሪክ ተጽፎአል። በዚያው ከተማ የነበረ የጀርመናውያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ግን መከራቸውን በጋዜጣ ለሕዝብ አስታወቀ። ከመንግሥት ድንኳን፣ ከሕዝብ ምግብና ገንዘብ ተሰጣቸው፤ በመጨረሻም ወደ ደቡብ ካሮላይና ተሻገሩ።

ምእመናን ሆይ፤ በዚህ ታሪክ የተራቡት ሰዎች አንድ ናቸው፤ የተመለከቱአቸው ዓይኖች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዓይን ስንቱ ይሞታሉ ብሎ ቈጠረ፤ ሌላው ስንቱን እናድን ብሎ ቈጠረ። የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ስለ ሆነ ልብ አድርጉት።

የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1774 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ በሰውየው ሕይወት መኖር ጥቅም የሌለው ሰው በዚያ ሰው ሕይወት ላይ የኢንሹራንስ ውል እንዳይገባ ከለከለ። የሕጉን ጥበብ ተመልከቱ። ሚስት በባልዋ ሕይወት ኢንሹራንስ ብትገባ የሚገባ ነው፤ ባልዋ ቢኖር ትጠቀማለች፣ ቢሞት ትጐዳለች፣ ገንዘቡም ጉዳትዋን ያቃልልላታል። ተወራራጁ ግን ሰውየው ቢኖር ይከስራል፣ ቢሞት ያተርፋል። የምድር ዳኞች እንኳ ይህን ልዩነት አይተው ከለዩት፣ የወንጌል ልጆች እንዴት አብልጠው ሊለዩት አይገባም?

2ኛ፤ የሰው ግምት ደካማነት

የሞትን ተራ የሚያውቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ቀድሞ ይጠራል። በፈረንሳይ አገር በአርል ከተማ ዣን ካልማን የምትባል ባልቴት ነበረች። በ1965 ዓ.ም. 90 ዓመት ሲሆናት፣ አንድሬ ፍራንሷ ራፍሬ የሚባል የ47 ዓመት የሕግ ሰው በየወሩ 2,500 ፍራንክ እስክትሞት ድረስ ሊከፍላት፣ ከሞተች በኋላ ግን ቤትዋን ሊወርስ ተዋዋለ። ውሉ በአገሩ ሕግ የተፈቀደ ስለ ሆነ ሰውየውን አንነቅፈውም፤ ፍጻሜውን ግን እንማርበታለን። ሰውየው 30 ዓመት ሲከፍል ኖሮ በ1995 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ ሞተ፤ በቤቱም አንድ ቀን አልተቀመጠበትም። ባልቴቲቱ በሕይወት ስለ ነበረች ሚስቱ መክፈልዋን ቀጠለች። ዣን ካልማን የሞተችው በ1997 ዓ.ም. በ122 ዓመትዋ ነው።

ታላላቅ ጋዜጦች ደግሞ ያረጁ ዝነኞችን የሕይወት ታሪክ አስቀድመው አስጽፈው፣ ለሞታቸው ቀን አዘጋጅተው ያስቀምጣሉ። በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የቀልደኛውን የቦብ ሆፕን ታሪክ የጻፈው ቪንሰንት ካንቢ በ2000 ዓ.ም. ሞተ፤ ቦብ ሆፕ ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ኖሮ በ100 ዓመቱ ዐረፈ። በዚሁ ጋዜጣ የተዋናይቱን የኤልሳቤጥ ቴይለርን ታሪክ የጻፈው ሜል ጋሶ በ2005 ዓ.ም. ሞተ፤ እርስዋ የሞተችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለ ሌላው ሞት የተጻፈው ወረቀት ተቀምጦ ሲቈይ ጸሓፊው ቀድሞ ተቀበረ። ይህ ሁሉ የቀረበው ጸሓፊዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነርሱ ሥራቸውን ሠሩ። ተራ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን እንድናስተውል ነው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርም በየካቲት 2023 ዓ.ም. ሕክምናውን ትተው በቤታቸው የመጨረሻ እንክብካቤ እየተደረገላቸው ለመቈየት መምረጣቸው በተነገረ ጊዜ፣ ብዙዎች የቀራቸው ጊዜ የቀናት ወይም የሳምንታት ብቻ መስሎአቸው ነበር። እርሳቸው ግን የባለቤታቸውን የሮዛሊንን ሞት በኅዳር 2023 ዓ.ም. አይተው፣ 100 ዓመት ሞልቶአቸው፣ በታኅሣሥ 2024 ዓ.ም. ዐረፉ። ንጉሥ ሕዝቅያስም ቤቱን እንዲያሰናዳ በነቢዩ አፍ ከተነገረው በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት (ኢሳ. 38)። ቃሉን በነቢይ ያናገረ አምላክ በዕንባ ምክንያት ዕድሜን ከጨመረ፣ በወረቀት ላይ ስም የሚጽፍ ተወራራጅ ምን ያውቃል?

3ኛ፤ ለነፍስ የሚያመጣው ጉዳት

ምናልባት አንድ ሰው «የታወቀው ሰው የእኔን ውርርድ አያውቅም፤ እኔም አልነካሁትም፤ ታዲያ ምን በደልሁት?» ይል ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። ከሰው ሞት ትርፍ የሚጠብቅ ልብ ያን ሞት ሳይመኝ አይቀርም። ዓመቱ ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስሙ የተጻፈው በሽተኛ ተሽሎት ከሐኪም ቤት ወጣ ተብሎ ሲነገር፣ ተወራራጁ እግዚአብሔርን ያመሰግናል ወይስ ያዝናል? ቢያዝን፣ በባልንጀራው መዳን የሚያዝን ሆኖ ተገኘ። እጁ ከደም ንጹሕ ነው፤ ልቡ ግን በሞት ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጌታችንም ነፍስ መግደልን ከእጅ አልፎ በልብ ባለ ቍጣ እንደ መረመረ እናውቃለን (ማቴ. 5፥21-22)።

ዳዊት በሳኦል ላይ የነበረውን አሳብ አስቡ። ሳኦል ያሳድደው ነበር፤ ሳኦል ቢሞት ዙፋኑ የዳዊት ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ አማሌቃዊ የሳኦልን ዘውድ ይዞ ሽልማት ተስፋ በማድረግ የሞቱን ወሬ ባመጣለት ጊዜ ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ ጾመ፣ አለቀሰም (2ኛ ሳሙ. 1)። ዳዊት በጠላቱ ሞት ካለቀሰ፣ ክፉ ባላደረገብን፣ ይልቁንም በሥራው ደስ ባሰኘን ሰው ሞት እንዴት ነጥብ እንቈጥራለን?

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው በቀራንዮ የሆነው ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ በጭንቅ ሳለ ጭፍሮቹ ከእግሩ በታች ተቀምጠው በልብሱ ዕጣ ተጣጣሉ (ዮሐ. 19፥23-24)። በሚሞት ሰው ፊት ዕጣ መጣል የማን ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። በዚያው ስፍራ እመቤታችንና ዮሐንስ ቆመው ነበር። ጭፍሮቹም ሆኑ እነርሱ ያዩት አንድ ሞት ነበር፤ ክርስቲያን ግን መቆም የሚገባው ከእመቤታችንና ከዮሐንስ ጋር ነው።

ይህን ስንል ስለ ሞት አስቀድሞ ማሰብ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ሐኪም የበሽተኛውን ሁኔታ መርምሮ ለቤተ ሰቡ ቢያስታውቅ፣ በሽተኛው ንስሓ እንዲገባና ቤቱን እንዲያሰናዳ ይረዳዋል። ካህንም ይህን ሰምቶ ፈጥኖ ይደርሳል። የእነዚህ ግምት ለበሽተኛው ጥቅም ነው፤ የተወራራጁ ግምት ግን ለራሱ ጥቅም ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ይህ ነው።

4ኛ፤ ክርስቲያን ምን ያድርግ

ቤተ ክርስቲያንም የበሽተኞችን ስም ትይዛለች። ነገር ግን የምትይዘው ልትጸልይላቸው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳዘዘው ካህናትን ትልካለች፣ በጸሎተ ቀንዲል ዘይት ትቀባለች (ያዕ. 5፥14)፤ በቅዳሴዋም ስለ ሕሙማን ትማልዳለች። ከሞቱም በኋላ በፍትሐትና በተዝካር ስማቸውን ታነሣለች። እንግዲህ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት መዝገብ አለ። በአንደኛው ስሙ የተጻፈ ሰው እንዲሞት ይጠበቃል፤ በሁለተኛው ስሙ የተጻፈ ሰው እንዲድን ይለመንለታል። እያንዳንዳችን የታመመ ሰው ስም በሰማን ጊዜ በየትኛው መዝገብ እንደምንጽፈው እንመርምር።

አባቶቻችን የሞትን ወሬ እንዴት አክብረው ይዘውት እንደ ነበረም አንርሳ። መርዶ በማናቸውም አፍና በማናቸውም ሰዓት አይነገርም ነበር፤ ሽማግሎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ሰዓት መርጠው፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፈው ሰው አጠገቡ መኖሩን አይተው ያረዱ ነበር። ዛሬ ግን በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ተብሎ ሲወራ፣ ሰሚው ሳይመረምር ለሌላው ለማድረስ ይሽቀዳደማል። ቦብ ሆፕም በ1998 ዓ.ም. ሞተ ተብሎ በስሕተት በአሜሪካ ምክር ቤት ተነግሮለት ነበር፤ እርሱ ግን በቤቱ በሕይወት ነበረ። የእንዲህ ያለው ሰው እናት፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወሬውን ሲሰሙ የሚደርስባቸውን ድንጋጤ አስቡ።

ስለዚህ የታወቀ ሰው መታመሙን ስትሰሙ ሦስት ነገር አድርጉ። አስቀድሞ ስሙን ጠርታችሁ እግዚአብሔር እንዲምረው ለምኑ፤ ሩቅ አገር ያለ ቢሆን ጸሎት ባሕር ይሻገራል። ሁለተኛም ይሞታል አይሞትም በሚል ክርክርና ባልተረጋገጠ ወሬ አትተባበሩ። ሦስተኛም አሳባችሁን ወደ ራሳችሁ መልሱ፤ ዛሬ ብጠራ ምን ይዤ እቀርባለሁ? የተጣላሁትን ታርቄአለሁን? የሰው ገንዘብ መልሻለሁን? ብላችሁ ጠይቁ። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን፣ አባ እንጦንስ ደቀ መዛሙርቱን በየቀኑ እንደሚሞት ሰው ሆነው እንዲኖሩ ያስተምር ነበር። እርሱ ራሱ የሌላውን ሳይሆን የራሱን ሞት ዕለት ዕለት እየጠበቀ 105 ዓመት ኖረ።

የሰውን ዕድሜ የሚቈጥር እግዚአብሔር ነው። የእኛ ድርሻ የተሰጠንን ቀን በንስሓና በፍቅር መፈጸም፣ የባልንጀራችንንም ቀን እንዲረዝም መለመን ነው። ለዚህ ያብቃን፤ ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሙታን ዕረፍትን ይስጥልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።