ጠዋት ጠዋት የሚያስቀምጥ ሆድ፦ ምክንያቱንና መፍትሔውን እንወቅ

በዚህ ትምህርታችን ብዙ ሰው አፍሮ የማይናገረውን፥ ነገር ግን በየቤቱ ያለውን ችግር እናጠናለን። ይኸውም ጠዋት ጠዋት እየተመላለሰ የሚያስቸግር ተቅማጥ ነው።

በመንዝ በአንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ላይ ሳለን ከመካከላችን ሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ችግር ገጠማቸው። ጎህ ሲቀድ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ቁርስ ሳይቀምሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ግን ደኅና ይሆናሉ። አንደኛው «የመንዝ ብርድ ነው የመታኝ» ብሎ በጋቢው ላይ ባና ደረበ። ሁለተኛው ከሱቅ ኪኒን እየገዛ ዋጠ። እኛም «አገሩን ስትለምዱ ይተዋችኋል» እያልን ዝም አልን።

ከወር በላይ እንዲህ ቆዩ። አንደኛው ቀበቶው እስኪሰፋው ድረስ ከሳ። ባረፈበት ቤት የምትኖር የሁለት ዓመት ሕፃንም ተቅማጥ ያዛት። አያቷ «ውኃ ሲጨመርበት ይብስባታል» ብለው የምትጠጣውን ከለከሏት። ዓይኗ ጎድጉዶ፥ ያለ እንባ ስታለቅስ ያየች ጎረቤት ናት ቶሎ ወደ ጤና ኬላ ይዛት የሄደች። ሕፃኗ ተረፈች። በሽታው ከእኛ ሰው ወደ እርሷ ይተላለፍ፥ ወይም ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይጠጡት፥ ማንም አያውቅም። አፍረን ዝም ማለታችን ግን ማንንም እንዳልጠቀመ አወቅን።

ሁለቱ ሠራተኞች በጤና ጣቢያ ሲመረመሩ የአንደኛው ሰገራ ጃርዲያ ተገኘበት። የሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ሐኪሙ ግን ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ጠየቀው። ያረፈበት ቤት እመቤት እንግዳ አክባሪ ስለነበሩ በየጠዋቱ አንድ ዋንጫ ወተት ይሰጡት ነበር። ወተቱን በተወ በሳምንቱ ሆዱ ረጋ። የዋጠው ኪኒን ሁሉ ለእርሱ በሽታ አልነበረም። ምልክቱ አንድ፥ ምክንያቱ ግን ሁለት ነበር። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው።

1. ስለምን ጠዋት ይብሳል?

ሌሊት ስንተኛ አንጀታችንም ያርፋል። ስንነሣ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ቁርስ ወይም ቡና ሲገባ ደግሞ ትልቁ አንጀት በውስጡ ያለውን ወደ ታች ይገፋል። ይህ የጤነኛ አካል ሥራ ነው። ስለዚህ አንጀትን የሚያውክ ነገር ሲኖር ምልክቱ በጠዋት ጎልቶ ይታያል። ሆኖም ምክንያቱ የዚያ ጠዋት ነገር ነው ማለት አይደለም። ጃርዲያ ወደ ሆድ ከገባ በኋላ ምልክቱን እስኪያሳይ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

2. ብርዱ ነው ወይስ ውኃው?

ብርድ ብቻውን የሆድ በሽታ አይፈጥርም። ነገር ግን ብርዱ በሌላ መንገድ ይጎዳናል። ጃርዲያ ከሰው ወይም ከእንስሳ ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን ለሳምንታት፥ አልፎም ለወራት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ በጉም ከብቱም ሰውም ከሚጠጣበት ምንጭ የተቀዳ ውኃ ጥርት ያለና የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አንችልም። ደግሞም በብርድ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ እጅ መታጠብ ስለሚከብድ ብዙዎቻችን እንተወዋለን።

በቆላውም ችግሩ አይቀርም። ከመርሐ ቤቴ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጥም ሲያስቸኩል ሰው ከወራጅ ውኃ ይጠጣል። ከላይ የታጠበው ቆሻሻ ግን ወደዚያው ይወርዳል።

3. ሌሎች ምክንያቶች

ሀ. ወተት። በአገራችን ብዙ አዋቂዎች ትኩስ ወተት አይስማማቸውም፤ በወተት ውስጥ ያለው ስኳር በአንጀታቸው አይፈጭምና። ከረጅም ጾም በኋላ ወተት ሲጠጣ ሆድ መረበሹ በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል። እርጎና አይብ ብዙውን ጊዜ ይሻላሉ።

ለ. በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡናና አረቄ አንጀትን ያነሣሣሉ።

ሐ. የተወሰደ መድኃኒት። አንዳንድ ኪኒን፥ ይልቁንም ያለ ትእዛዝ የተዋጠ፥ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። ኮሶም ሆድን አጥቦ የሚያወጣ ስለሆነ በተቅማጥ የደከመን ሰው ይጎዳል።

መ. ጭንቀት። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሐሳብ ሲበዛ ሆዳቸው የሚታወክባቸው ሰዎች አሉ። ይህ ማስመሰል አይደለምና አንሳቅባቸው።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. ለሁለት ሳምንት ያህል የበላነውንና የጠጣነውን እናስታውስ፤ ማስታወሻም እንያዝ። ትኩስ ወተትን፥ ቀጥሎም በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡናን በየተራ ትተን ለውጡን እንመልከት።

ለ. የምንጠጣውን ውኃ እናፍላ። መሐል ሜዳን በመሰለ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ጃርዲያን ይገድላል፤ ነገር ግን ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውኃው እየተንተከተከ 3 ደቂቃ ይቆይ። ክሎሪን ብዙ ተሕዋስያንን ቢገድልም ጃርዲያ፥ ይልቁንም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ፥ ይቋቋመዋል። በመንዝና በግሼ እንጨት ብርቅ፥ ኩበትም ውድ እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ለሁሉ ሳይሆን ለመጠጡ ብቻ፥ ራት በተሠራበት እሳት አፍልተን ክዳን ባለው ዕቃ እናሳድረው።

ሐ. ከመጸዳጃ ስንመለስ፥ ሕፃን ካጸዳን በኋላ፥ ምግብ ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና ወይም በአመድ እንታጠብ። ምድጃው አጠገብ ለብ ያለ ውኃ ቢቀመጥ ማንም አይሰንፍም።

መ. የመጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ በላይ አይቆፈር። ምንጩም ይታጠር፤ ለከብት የሚሆን ገንዳ ከበታቹ ይሠራ። እስራኤል ከሰፈር ውጭ ቆፍረው እንዲሸፍኑ በዘዳግም ምዕራፍ 23 መታዘዛቸው ይህ ነገር ትንሽ እንዳልሆነ ያስተምረናል።

5. ቀጠሮ የማይሰጡ ምልክቶች

ደም ያለበት ተቅማጥ፥ ትኩሳት፥ ያለ ምክንያት መክሳት፥ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፥ ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ ተቅማጥ፥ በሸመገለ ሰው ላይ አዲስ የመጣ የሆድ ለውጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የሰገራ ምርመራ፥ ሲያስፈልግም የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግ። ሁለቱም በሽታዎች መድኃኒት አላቸው፤ መድኃኒቱን የሚመርጥ ግን ባለሱቁ ሳይሆን የመረመረው ባለሙያ ነው።

6. ለሕፃናት ፈጽሞ አንዘግይ

አዋቂ ሳምንታት የሚታገሠው ተቅማጥ ሕፃንን በአንድና በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። የሚገድለውም የውኃና የጨው ማለቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በየመጠለያው ብዙ ሕፃናትን ከረሃቡ ጋር የወሰዱት ተቅማጥና ኩፍኝ ነበሩ። በ1971 እ.ኤ.አ. ግን በሕንድ ድንበር በነበረ የቤንጋል ስደተኞች ካምፕ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስና ባልደረቦቻቸው ስኳርና ጨው የተቀላቀለበት ውኃ በማጠጣት ከ100 በሽተኞች 30 ያህል ይሞቱ የነበረውን ከ4 በታች አድርሰውታል።

ስለዚህ አንዱን ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠን ቶሎ ቶሎ፥ በትንሽ በትንሹ እናጠጣ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ከረጢቱ ከሌለ በ1 ሊትር ውኃ ልክክ ያለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እናድርግ፤ ጨው እንዳይበዛ እንጠንቀቅ። ጡትና ምግብ አይቋረጥ። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ ታዘዘው ቀን ይሰጥ። ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥን አያድኑም፤ ቁስልና የደም መፍሰስ ይጨምራሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ከብትና ሰው የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነውን? ለማጠር ምን ያህል ሰው፥ ስንት ቀን ያስፈልጋል?
2. በቤታችን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አለን? አሠራሩን የምታውቅ እናት ለሌላይቱ ታሳይ።
3. ከመካከላችን ሆዱን እየታመመ አፍሮ ዝም ያለ ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆን? እንዴት እንጠይቀው?