የሕክምና መዝገብ በኮምፒውተር ሲነበብና ሲጻፍ

በድሬ ዳዋ ከተማ ከሚገኙት የመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል ድል ጮራና ሳቢያን ይጠቀሳሉ። ወደ እነዚህ ሆስፒታሎች የሚመጡት የከተማዋ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልሎች አጎራባች ወረዳዎችም ሕሙማን ይመጣሉ። አንድ ሕመምተኛ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲላክ መዝገቡም አብሮት መሄድ ይኖርበታል። የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባት ሕፃን መዝገብ በመንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢዛባ ለሕይወቷ የሚያሰጋ አደጋ ሊከተል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ኮምፒውተሮች የሕክምና መዝገብን እንዴት እንደሚለዋወጡ፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የፕሮግራም ላይብረሪ ምን እንደሚሠራ፣ በተለይም ምን እንደማይሠራ እንመለከታለን።

1. የመልእክቱ አጻጻፍ

ሁለት ሆስፒታሎች በተለያዩ ድርጅቶች የተሠሩ ሶፍትዌሮችን ቢጠቀሙ የሚግባቡበት የጋራ ደንብ ያስፈልጋቸዋል። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ደንብ ኤችኤል7 ይባላል፤ ደንቡን የሚያወጣው ድርጅት የተመሠረተው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለተኛው ዕትም መልእክት ተራ ጽሑፍ ነው። የሚከተለው ምናባዊ ምሳሌ ከአንድ መልእክት የተወሰዱ ሁለት መስመሮችን ያሳያል። በሥራ ላይ የመስመሮቹ መጠሪያ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን እዚህ በእኛ ፊደል አስቀምጠነዋል።

ፒአይዲ|1||004512||ዑመር^ፋጡማ^አሕመድ||20210420|ሴ
ኤኤል1|1|ዲኤ|^ፔኒሲሊን

የመጀመሪያው መስመር የታካሚዋን ማንነት፣ ሁለተኛው አለርጂዋን ይገልጻል። ቀጥ ያለው መስመር (|) አንዱን መረጃ ከሌላው ይለያል፤ ባርኔጣ መሰሉ ምልክት (^) ደግሞ አንዱን መረጃ በክፍል በክፍል ይከፍላል። ስለሆነም በፒአይዲ መስመር 3ኛው ቦታ የካርድ ቁጥር፣ 5ኛው ስም፣ 7ኛው የልደት ቀን፣ 8ኛው ጾታ ነው። ትርጉም የሚሰጠው ቦታው ስለሆነ ከፊቱ አንድ የ| ምልክት ብትጎድል ጾታው የልደት ቀንን ቦታ ይይዛል።

2. መተንተንና መገንባት

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ተቀብሎ «ስሟ ይህ ነው፣ የተወለደችበት ቀን ይህ ነው» ብሎ ለፕሮግራሙ በየፈርጁ ማስረከብ መተንተን ይባላል። በተቃራኒው፣ በመረጃ ቋት ውስጥ ካለው መረጃ ተነሥቶ በደንቡ መሠረት መልእክቱን ማዘጋጀት መገንባት ነው።

አንድ ተማሪ «ጽሑፉን በቀጥታው መስመር ላይ መቆራረጥ በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ሥራ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ቢያንስ ሦስት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛ፣ ሐኪሙ በማስታወሻው ውስጥ ራሱን የ| ምልክት ቢጽፍስ? ደንቡ ይህ ምልክት በጽሑፍ መካከል ሲገባ \ኤፍ\ ተብሎ እንዲተካ ያዝዛል፤ ተቀባዩም መልሶ ሊፈታው ይገባል። ሁለተኛ፣ የመልእክቱ ራስጌ በሆነው የመጀመሪያ መስመር ላይ መለያ ምልክቱ ራሱ እንደ 1ኛ ቦታ ስለሚቆጠር የቦታዎቹ አቆጣጠር ከሌሎቹ መስመሮች በአንድ ይለያል። ሦስተኛ፣ ባዶ ቦታና ሁለት የጥቅስ ምልክቶች ("") አንድ አይደሉም። ባዶ ቦታ ማለት «ስለዚህ ጉዳይ የምለው የለኝም፤ ያለህን ያዝ» ማለት ነው፤ ሁለቱ የጥቅስ ምልክቶች ግን «ያለህን ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ናቸው። ስለዚህ ያልተሞላውን ቦታ ሁሉ በ"" የሚሞላ ፕሮግራም በሌላው ሆስፒታል የተመዘገበውን የአስታማሚ ስልክ ቁጥር ሊያጠፋ ይችላል።

3. የላይብረሪ ጥቅም

የፕሮግራም ላይብረሪ ማለት ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈውና ፈትነው ያዘጋጁት፣ እኛም በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ እየጠራን የምንገለገልበት የትእዛዝ ስብስብ ነው። ለኤችኤል7 ከታወቁት አንዱ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈው ሃፒ ነው። ሥራው የተጀመረው በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ በዩኒቨርሲቲ ሄልዝ ኔትወርክ ሲሆን ማንም በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል። ሃፒ መልእክቱን ሲተነትን ቦታዎቹን ይቆጥራል፣ የተተኩ ምልክቶችን ይፈታል፣ ደንብ የጣሰውንም ይመልሳል። ሲገነባም መለያ ምልክቶቹን ራሱ በየቦታቸው ያስገባል።

ይሁን እንጂ ላይብረሪው የሚያውቀው የመልእክቱን ቅርጽ እንጂ የአገሩን ልማድ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ሦስት ጉዳዮች የኢትዮጵያዊው ፕሮግራም ጸሐፊ ኃላፊነት ናቸው።

4. የዘመን አቆጣጠር

የምሳሌያችን ሕፃን የተወለደችው ሚያዝያ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በደንቡ መሠረት ቀኑ ወደ ግሪጎርያን አቆጣጠር ተለውጦ 20210420 ተብሎ መላክ አለበት። ፕሮግራሙ ሳይለውጥ 20130812 ብሎ ቢልከው ተቀባዩ ነሐሴ ወር 2013 እ.ኤ.አ. እንደ ተወለደች ይረዳል። ልዩነቱ 7 ዓመት ከ8 ወር ከ8 ቀን ነው። ሕፃኗ 4 ዓመት በሚሞላት ዕለት ኮምፒውተሩ የ11 ዓመት ከ8 ወር ልጅ ናት ይላል። የልብ ምትም ሆነ የደም ግፊት ጤናማ ልክ በዕድሜ ስለሚለያይ ስሕተቱ የምርመራውን ትርጉም ሊያዛባ ይችላል።

ላይብረሪው ይህን ስሕተት አይዝልንምን? እንቁጠር። በ2013 ዓ.ም. ውስጥ ካሉት 365 ቀናት መካከል፣ ሳይለወጡ ቢላኩ የማይቻል ቀን ሆነው የሚገኙት 5ቱ የጳጉሜን ቀናት (13ኛ ወር ስለሌለ) እንዲሁም ጥቅምት 29 እና 30 (የ2013 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ወር 28 ቀን ብቻ ስለሆነ) ናቸው። በድምሩ 7 ቀን ይሆናል። የቀሩት 358 ቀናት ግን ትክክለኛ መስለው ያልፋሉ። በላይብረሪው ተይዞ የተመለሰው መልእክት ወዲያው ይታረማል፤ አደገኛው ድምፁን አጥፍቶ ያለፈው ነው።

5. ስም

ደንቡ የስምን ቦታ የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ነው። በአገራችን ልማድ ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አንዱ ሆስፒታል የአያትን ስም፣ ሌላው የአባትን ስም በመጀመሪያው ቦታ ቢያስገባ ፋጡማ ሁለት ሰው ትሆናለች፤ አለርጂዋም በአንዱ መዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው አስቀድሞ ተስማምቶ ስምምነቱን በጽሑፍ ማስፈር ነው።

6. ፊደል

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካትቷል። በዚህ ሥርዓት ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 የሚል ቁጥር አላቸው። ስለሆነም ለአማርኛ አንባቢ አንድ ድምፅ የሆኑት «አሕመድ» እና «አህመድ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ስሞች ናቸው።

በድሬ ዳዋ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሆኖ የፊደሎቹ ድምፅ ይለያያል። ኤክስ የተባለችው ፊደል በቁቤ የ«ጠ»፣ በሶማልኛ ደግሞ የ«ሐ» ድምፅ አላት። ሲ የተባለችው በቁቤ «ጨ»፣ በሶማልኛ «ዐ» ናት። ስለዚህ በሶማልኛ አጻጻፍ የተመዘገበውን ዑመር በቁቤ ሕግ ያነበበ ፕሮግራም «ጩመር» ይለዋል። እንግዲህ መዝገብ ሲፈለግ ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ አብሮ መመዝገብ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ማምጣት፣ የመጀመሪያውን አጻጻፍ ግን ሳይነኩ ማስቀመጥ ያሻል። በስም መመሳሰል ብቻም ሁለት መዝገቦችን ማዋሐድ አይገባም፤ የካርድ ቁጥርና የልደት ቀንም ሊመሳከሩ ይገባል።

7. አዲሱ ደንብ

ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውስትራሊያዊው ግሬም ግሪቭ አነሣሽነት ፋየር የተባለ አዲስ የኤችኤል7 ደንብ ተዘጋጅቷል፤ ሃፒም ለዚህ የሚሆን ላይብረሪ አለው። በፋየር እያንዳንዱ መረጃ ከነመጠሪያው ስለሚጻፍ ቦታ መቁጠር ቀርቷል። ሙሉ ስምን እንደሚጠራው አድርጎ በአንድ ላይ ማስፈርም ይቻላል። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ቢያጋጥም ዓመቱን ብቻ መጻፍ ስለሚፈቀድ ወርና ቀን መፍጠር አያስፈልግም። ቢሆንም ዓመቱን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ አሁንም የእኛ ሥራ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ላይብረሪ ከአድካሚ ሥራ የሚያሳርፍ መሣሪያ እንጂ ከማሰብ የሚያሳርፍ አለመሆኑን ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጳጉሜንን አያውቋትም፤ የምናውቃት እኛ ነን።

መልመጃ

ሀ. ከላይ ያደረግነውን ቆጠራ ለ2016 ዓ.ም. ድገሙት። የማይቻሉት ቀናት ስንት ይሆናሉ? ውጤቱ ከ7 ለምን ይለያል?
ለ. በምሳሌው መልእክት ውስጥ የካርድ ቁጥሩ ቢረሳና አንድ የ| ምልክት አብሮ ቢቀር ተቀባዩ እያንዳንዱን ቦታ እንዴት ይረዳዋል?
ሐ. አንድን መልእክት ተንትኖ መልሶ የሚገነባ ፕሮግራም ጽፋችሁ የወጣውን ከገባው ጋር አነጻጽሩ። ይህ ፈተና ያልተለወጠ የልደት ቀንን ለምን ሊይዝ እንደማይችል አስረዱ።